ፎይል ለዳቦው ቂጥ ነው ወይስ ለአናቱ?

የቆጪ ጋጋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። በዓል በተቃረበ ቁጥር እዚህ የሚለጠፉትን የዳቦ ፎቶዎች ሳይ አንድ ነገር አላስቀምጥ ይለኛል። ትሪው ሁሉ ከውስጥ በፎይል ተለብጧል። ድፎ በፎይል፣ ኬክ በፎይል፣ ብስኩት በፎይል፣ ሳምቡሳ እንኳ ፎይል ላይ ተደርድሮ ኦቨን ይገባል። በማግሥቱ ደግሞ «ዳቦዬ ከላይ ቀላ፣ ከሥር ግን ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ምን ይሻለኛል?» የሚል ጥያቄ ይከተላል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ፎይል ከሊጥ በታች ሥራ የለውም። ቦታው ከላይ ነው፤ ያውም ዳቦው ኩፍ ብሎ ቀለም መያዝ ከጀመረ በኋላ። ከሥር መነጠፍ ያለበት ኮባ ነው። በየጓሮው እንሰት በሚበቅልበት በጅማ ተቀምጠን ኮባውን ትተን ጥቅል ፎይል ከሱቅ መግዛታችን ይገርመኛል። ኮባ የማታገኝ የአዲስ አበባ ጋጋሪ ብታደርገው ይገባኛል።

የምትቃወሙኝ በምክንያት ተቃወሙኝ። «እናቴም እንዲህ ነበር የምታደርገው» የሚለውን አልቀበልም፤ የእናቶቻችን ትሪ ፎይል የሚባል ነገር አያውቅም ነበር።

የአጂፕ እናት

እህቴ፣ በምክንያት እቃወምሻለሁ፤ ምክንያቴም ዕቃ ማጠብ ነው። እኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው ሲፈልግ ነው። ዶሮ በኦቨን ስጠብስ የሚቀልጠው ስብ ከቅመሙ ጋር ትሪው ላይ ተጋግሮ በሽቦ ካልፈተግሁት አይለቅም። ፎይል ካነጠፍሁ ግን ጠቅልዬ እጥለዋለሁ፤ ትሪው እንደነበረ ይቀመጣል። ስኳር ድንች ስጋግርም እንዲሁ፤ የሚወጣው ስኳር ተቃጥሎ እንደ ሬንጅ ነው የሚጣበቀው። አንቺ የምታወሪው ስለ ዳቦ ብቻ ከሆነ እሺ፤ ነገር ግን «ከታች ሥራ የለውም» ብሎ መደምደም ትንሽ የበዛ ነው።

የቆጪ ጋጋሪ

እኔ ያልሁት ከሊጥ በታች ነው። ዶሮ ሊጥ አይደለም። ለዶሮና ለሥጋ ማንጠፉን አልቃወምም፤ እዚያ ቂጡ ይቅላ አይቅላ ማንም አይጠይቅም።

አዲስ ተከራይ

ይቅርታ፣ ጥያቄዬ የዋህ ሊመስል ይችላል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኦቨን አለችኝ። ፎይል ቀጭን ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ሙቀት ያስተላልፋል። ታዲያ ከዳቦው ሥር ቢሆን ቂጡ ለምን ይነጣል? እንዲያውም ቶሎ መቅላት አልነበረበትም?

የብረታ ብረት መምህር

ጥያቄህ የዋህ አይደለም፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ፎይሉ ራሱ ሙቀት አይከለክልም። የቤት ፎይል ውፍረቱ ከ0.01 እስከ 0.02 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን ያህል የሳሳ አሉሚኒየም ለሙቀት ምንም ዓይነት ግድግዳ አይሆንም። ችግሩ ከሌላ ሁለት ነገር ይመጣል።

መጀመሪያ፣ ፎይል ትሪ ላይ ሲነጠፍ ይጨማደዳል። በእያንዳንዱ ሽብሽብ ሥር ስስ አየር ይቀራል፤ አየር ደግሞ ሙቀት በማስተላለፍ ረገድ ሰነፍ ነው። ሊጡ ትሪውን በቀጥታ ቢነካ ኖሮ የሚያገኘው ሙቀት በዚያ አየር ላይ አልፎ እስኪደርስ ይዘገያል። ሁለተኛ፣ በኦቨን ውስጥ ሙቀት በአየር ብቻ አይጓዝም፤ ከጋለው ሬዚስታንስ (ከማሞቂያው ዘንግ) እና ከግድግዳው እንደ ብርሃን እየፈነጠቀም ይመጣል። ጥቁር ትሪ ይህን ጨረር ይውጠዋል፤ የሚያብለጨልጭ ነገር ደግሞ አብዛኛውን ይመልሰዋል። ስለዚህ ፎይሉ በትሪው ውጫዊ ጀርባ በኩል ከሆነ የታችኛውን ጨረር ይመልሳል፤ ከዳቦው በላይ ከሆነ የላይኛውን ይመልሳል። የቆጪዋ እህታችን አናቱን እንዳያሳርር ከላይ ይሁን ያለችው በዚህ ምክንያት ልክ ነው።

በዚያው መጠን ግን ቂጡ ሁልጊዜ የሚያርርበት ሰው ፎይልን ለሥር ሊጠቀምበት ይችላል፤ የሚለብሰው ግን የትሪው ውጭ እንጂ ውስጡ አይደለም። ያን ካልፈለገ ጥቁር ትሪ ሲጠቀም ሙቀቱን 15 ዲግሪ ያህል ዝቅ ያድርግ።

ሳልጠየቅ አንድ ልጨምር፦ «የሚያብለጨልጨው ፊት ወደ ውስጥ ይሁን ወይስ ወደ ውጭ?» የሚለው ክርክር ትርፉ ድካም ነው። ፋብሪካ ውስጥ በመጨረሻው ዙር ፎይሉ ሁለት ሆኖ ተደራርቦ በሮለር መካከል ያልፋል። ሮለሩን የነካው ፊት ይወለወላል፤ እርስ በርስ የተነካካው ይደበዝዛል። ለምግቡ ያለው ልዩነት የሚቆጠር አይደለም። የማያጣብቅ ተብሎ የሚሸጠው ፎይል ብቻ የተቀባ ፊት ስላለው ምግቡ በዚያ በኩል መሆን አለበት፤ የትኛው እንደሆነ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል።

የሂርማታ ዳቦ ቤት

በሙያ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። ዳቦ ቤት ውስጥ ፎይል የሚባል አንጠቀምም። ትሪው በዘይት እየተቀባ በቆየ ቁጥር ይጠቁራል፤ ያ ጥቁረት ሀብት ነው፤ አይፈተግም። ሴቶች ሠርግ ሲደግሱ ትሪ ይዋሱንና አብለጭልጨው ፈትገው ይመልሱልናል፤ እናመሰግናለን፣ ግን ልባችን ይደማል።

ቤት ውስጥ ቂጡ ለሚያርርባችሁ ቀላሉ መላ ሁለት ትሪ ደራርቦ መጠቀም ነው። በመካከላቸው ያለው አየር ያግዛል። ቂጡ ለሚነጣባችሁ ደግሞ ትሪውን ወደ ታችኛው መደርደሪያ አውርዱት፤ ኦቨኑንም ሊጡ ከመግባቱ በፊት በደንብ አሙቁት። የብዙ ሰው ችግር ፎይል ሳይሆን ያልሞቀ ኦቨን ነው።

የጅሬን እናት

ልጆቼ፣ የኮባ ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልሁም። ኮባ ዝም ብሎ ከጓሮ ተቆርጦ ትሪ ላይ አይጣልም። ያላረጀ፣ ነፋስ ያልቀደደው ቅጠል ይመረጣል። መካከል ላይ ያለው ወፍራም አከርካሪ በቢላ ይነሳል፤ እሱ ካልተነሳ ዳቦው ሥሩ ቦይ ያወጣል። ከዚያ ቅጠሉን በእሳት ላይ ፈጠን አድርጎ ማሳለፍ ነው፤ ወዙ ሲወጣና ቀለሙ ሲጠልቅ ይለሰልሳል፤ ሲታጠፍም አይሰነጠቅም። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግና ጠርዝ በጠርዝ እየተደራረበ ይነጠፋል። ድፎ ከሆነ የተረፈው ከላይ ይከደናል።

በምጣድ ስንጋግር ከላይ ቆርቆሮ ከድነን ፍም እናደርግበት ነበር። ኮባው ከሥርም ከላይም ዳቦውን ይጠብቀዋል። ያም ሆኖ መገልበጡ አይቀርም፤ ያልተገላበጠ ያራል ይባል የለ። በኦቨን ለምትጋግሩ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከትሪው ጠርዝ ተርፎ የወጣውን ቅጠል በመቀስ ቁረጡት። ደርቆ ከሬዚስታንሱ ጋር ከተነካካ ይጨሳል፤ ሊነድም ይችላል።

የቆጪ ጋጋሪ

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አከርካሪውን ስለ ማንሳት ያሉትን ብዙ ሰው አያውቀውም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ የሚለሰልሰው ፊት ነው ወይስ የሚሻክረው ወደ ሊጡ የሚሆነው?

የጅሬን እናት

የሚለሰልሰው ወደ ሊጡ። ትንሽ ዘይት በጣትሽ አስነኪው።

የብረታ ብረት መምህር

እማማ ባሉት ላይ የምክንያት ጎኑን ልጨምር። ኮባ እርጥብ ነው። ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ቅጠሉ የነካው የሊጥ ክፍል ከውኃ መፍያ ሙቀት በላይ ለመድረስ ይቸገራል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ኮባ የለበሰው ገጽ ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ደግሞ ቀለሙን ያገኛል። ፎይል ውኃ የለውም፤ ስለዚህ ይህን ጊዜ የመግዛት ሥራ አይሠራም።

በነገራችን ላይ ከውጭ የዳቦ አሠራር እያነበባችሁ የምግብ ቴርሞሜትር ለምትጠቀሙ፦ «የዳቦው ውስጥ 98 ዲግሪ ሲደርስ አውጡት» የሚለው ለባሕር ዳርቻ ከተሞች የተጻፈ ነው። ጅማ ውስጥ ያን ቁጥር ስትጠብቁ ዳቦው ይደርቃል እንጂ እዚያ አይደርስም።

የሂርማታ ዳቦ ቤት

ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። አንድ ደንበኛ ቴርሞሜትር ይዞ መጥቶ ዳቦህ አልበሰለም ብሎ ተከራክሮኝ ያውቃል።

ላዛኛ ወዳድ

ከዳቦ ልውጣና፦ ላዛኛ በቲማቲም ሰጎ ሠርቼ፣ በብረት ትሪ ላይ ፎይል ሸፍኜ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርሁት። ጠዋት ስከፍተው ፎይሉ ምግቡን በነካበት ቦታ ሁሉ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ምግቡ ላይም ግራጫ ነጠብጣብ አለ። ፎይሉ አስመስሎ የተሠራ ነው? ሱቁ ሊያታልለኝ ነው ወይስ ምንድን ነው? ምግቡንስ ልጣለው?

የብረታ ብረት መምህር

ባለ ሱቁን ተወው፤ ንጹሕ ነው። አንተ ሳታውቀው ባትሪ ሠርተሃል።

ባትሪ የሚሆነው ሁለት የተለያዩ ብረቶች ሲነካኩና በመካከላቸው ጨው ወይም አሲድ ያለው እርጥብ ነገር ሲኖር ነው። ትሪህ ከብረት ወይም ከማይዝግ ብረት ነው፤ ሽፋንህ አሉሚኒየም ነው፤ በመካከል ያለው ሰጎ ጨውም አሲድም አለው። ፎይሉ በትሪው ከንፈር ላይ ሲጠቀለል ሁለቱ ብረቶች ተገናኙ። ከሁለቱ ይበልጥ የሚሸነፈው አሉሚኒየም ስለሆነ ምግቡን በነካበት ሁሉ እየሟሟ ወደ ሰጎው ገባ። ነጠብጣቡም ከዚያ የመጣ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ላዛኛውን በመስታወት ወይም በሸክላ ዕቃ አድርገው። በብረት ትሪ ካልሆነ አይሆንም ካልህ ደግሞ በምግቡና በፎይሉ መካከል የመጋገሪያ ወረቀት አስገባ፤ ወይም ፎይሉ ምግቡን እንዳይነካ ከፍ አድርገህ ወጥረው። ትሪው ራሱ አሉሚኒየም ከሆነ የባትሪው ነገር አይኖርም፤ አሲዱ ግን በራሱ ቀስ እያለ መብላቱን አይተውም።

ለመጣሉ፦ ነጠብጣብ ያለበትን ክፍል በማንኪያ አንሳና ሌላውን ብላ።

ጥያቄ አብዢ

«ብላ» ማለት ቀላል ነው! አሉሚኒየም የመርሳት በሽታ ያመጣል እየተባለ ስንት ዓመት ሰምተናል። መምህር፣ ብረት ሙያዎ ነው፤ ጤና ግን ሌላ ነው። እኔ ቤቴ ፎይል ማስገባት ካቆምሁ ቆየሁ።

የብረታ ብረት መምህር

ልክ ነዎት፣ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ሒሳብ ብቻ ልሥራ።

ፎይሉ 0.016 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው እንበል። አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ፎይል ክብደቱ 4.3 ሚሊ ግራም ገደማ ይሆናል። እነዚያ ቀዳዳዎች ተደምረው አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሞሉ ላዛኛው ውስጥ የገባው ይኸው አራት ሚሊ ግራም ነው፤ ነጠብጣቡ ሲነሳ አብዛኛው አብሮ ይነሳል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ገደብ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በሳምንት 1 ሚሊ ግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሳምንት 60 ሚሊ ግራም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት ጥምር ኮሚቴ ደግሞ በ2011 ገደቡን 2 ሚሊ ግራም አድርጎታል። ከምንውጠው አሉሚኒየም ወደ ደም የሚያልፈው ከአንድ በመቶ በታች ነው፤ ያንንም ኩላሊት ያስወጣዋል።

ስለ መርሳት በሽታው የተባለው ብዙ ተጠንቷል፤ አሉሚኒየም በሽታውን እንደሚያመጣ ግን አልተረጋገጠም።

የጤና ባለሙያ ነኝ

መምህሩ ካሉት ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ። «ኩላሊት ያስወጣዋል» የሚለው ኩላሊቱ ለሚሠራ ሰው ነው። ኩላሊታቸው የደከመ፣ በተለይ የኩላሊት እጥበት ላይ ያሉ ሰዎች አሉሚኒየም በሰውነታቸው ይጠራቀማል። እነዚህ ሰዎች ቤት ውስጥ ካሉ አሲድ ያለው ምግብ ከፎይል ጋር ባይነካካ ይመረጣል። ለሌላው ሰው የጀርመን የስጋት ምዘና ተቋም ያለውን መያዝ ይበቃል፦ አሲድ ወይም ጨው የበዛበትን ምግብ ባልተቀባ አሉሚኒየም ላይ አትጋግሩ፣ አታስቀምጡም። ዳቦና ደረቅ ምግብ አያሳስብም።

ጥያቄ አብዢ፣ ፎይሉን ከቤትዎ አስወጥተዋል፤ «ብረት ድስት» የምንለው ግን አብዛኛው አሉሚኒየም ነው። የቲማቲም ስልስ በምን እንደሚሠሩ ይመልከቱ።

ጥያቄ አብዢ

አሁን ደግሞ ድስቴን ልጣለው ነው? እናንተ ሰዎች እንቅልፍ ልትነሱኝ ነው።

የጤና ባለሙያ ነኝ

ድስቱን አይጣሉ። ስልሱ እንደበሰለ ወደ ሌላ ዕቃ ይገልብጡት፤ እዚያው አይደር።

የግልገል ጊቤ ዓሣ

እኔ ደግሞ ዓሣ አለኝ። ከግልገል ጊቤ የሚመጣውን ቆሮሶ ሎሚና ጨው አሽቼ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምሬ፣ በፎይል ጠቅልዬ ነው ኦቨን የማስገባው። አሁን ከላይ የተባለውን ሳነብ ሎሚ አሲድ፣ ጨው ደግሞ ጨው፤ ሁለቱንም አሟልቻለሁ። ዓሣ ያለ ፎይል ደግሞ ይደርቅብኛል። ምን ላድርግ?

የቆጪ ጋጋሪ

ሳትጠይቀኝ ልመልስልህ፤ ኮባ። ዓሣውን መጀመሪያ በኮባ ጠቅልለው፤ ከዚያ በላዩ ፎይል አድርግ። ሎሚው የሚነካው ቅጠሉን ነው፤ ፎይሉ ደግሞ እንፋሎቱን አፍኖ ይይዛል። የኮባው ሽታ ዓሣው ውስጥ ሲገባ ቃሪያውን ልትቀንስ ትችላለህ። ኮባ ባታገኝ የሙዝ ቅጠል ይሆናል። እሱንም ካጣህ ሎሚውን ዓሣው ከወጣ በኋላ ጭመቅበት፤ እንዲያውም ጣዕሙ ይበልጥ ይታወቃል።

የአጂፕ እናት

ይኸው! ኮባና ፎይል ተስማሙ። የዚህ ክር ጠብ አሁን ሊያልቅ ነው።

የቆጪ ጋጋሪ

ፎይሉ ከውጭ ስለሆነ ተስማሙ። አቋሜ አልተነቃነቀም።

የፒያሳ ልጅ

እናንተ ጅማዎች ኮባ ኮባ ስትሉ እኛ አዲስ አበባ የለን መሰላችሁ እንዴ? ሾላ ገበያ ሂዱና እዩ። የበዓል ሰሞን መንገድ ዳር ሁሉ ይሸጣል። ደግሞስ ድፎ ማን አስተማራችሁ?

የማር አገር

ድፎ ማንም አያስተምርም፤ አንተ ግን ማር ስትፈልግ ከየት ታስጭናለህ?

የመድረኩ አስተባባሪ

የአዲስ አበባና የጅማ ክርክር የራሱ ክር ስላለው ሦስት መልእክቶች ወደዚያ ተዛውረዋል፤ ሁለቱን ለወግ ያህል ትቻቸዋለሁ። እባካችሁ ወደ ፎይሉ።

አዲስ ተከራይ

አመሰግናለሁ። የትንሿን ኦቨን ወለል እንዳይቆሽሽ በፎይል አልብሼዋለሁ። ከላይ ስለ ሬዚስታንስ የተባለው አስፈራኝ። ችግር አለው?

የሂርማታ ዳቦ ቤት

ወንድሜ፣ አሁኑኑ ከሶኬት ንቀላትና ፎይሉን አውጣ። ከዚያ እናወራለን።

የብረታ ብረት መምህር

የዳቦ ቤቱ ወንድማችን አላጋነነም። በትንሿ ኦቨን የታችኛው ሬዚስታንስ ለወለሉ በጣም ቅርብ ነው። ፎይሉ ሙቀቱን ወደ ሬዚስታንሱ መልሶ ይልካል፤ ሬዚስታንሱ ከሚገባው በላይ ይግላል፤ ዕድሜውም ያጥራል። ፎይሉ ተነስቶ ኤሌክትሪክ ያለበትን ክፍል ከነካ ደግሞ ነገሩ ከዕድሜ ያልፋል፤ እሳት አለበት፣ መንዘርም አለበት። ትልልቅ ኦቨኖችም ቢሆኑ የአምራቾቹ መመሪያ ወለሉን በፎይል ማልበስ ይከለክላል፤ ፎይሉ ከወለሉ ቀለም ጋር ተጣብቆ ይቀራል። የጋዝ ኦቨን ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ በወለሉ ያሉት ቀዳዳዎች ከተደፈኑ እሳቱ አየር ያጥረዋል፤ መርዛማ ጋዝም ያወጣል።

ጠብታው ካስቸገረህ ከምትጋግርበት በታች ባለው መደርደሪያ ላይ ሌላ ትሪ አድርግ። የኦቨንህ ፍርፋሪ መያዣ ትሪ የሚወጣ ከሆነ እሱን አውጥተህ ማጠብ ነው።

ሌላም አለ። በትንሽ ኦቨን ዳቦ ከላይ በፎይል ስትሸፍን ሊጡ ኩፍ እያለ ፎይሉን ወደ ላይኛው ሬዚስታንስ ይገፋዋል። ስለዚህ መሸፈን ያለብህ ዳቦው ማደጉን ካቆመ በኋላ ነው። ጠርዙንም በትሪው ከንፈር ላይ አጥብቀህ እጠፈው፤ ማራገቢያ ያለው ኦቨን ከሆነ ንፋሱ ያነሳዋል። ማይክሮዌቭ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አታስገባው።

አዲስ ተከራይ

ነቅዬ አወጣሁት። ከሥሩ ወለሉ ላይ ቡኒ ክብ ሠርቷል፤ በመጥረግ አይለቅም።

የአጂፕ እናት

ክቡ ምንም አይልህ፤ ባለ ቤቷ ካላየችው።

የመሪ ኬክ

ስለ ኬክ ማንም አላነሳም። እኔ ኬክ ቅርጹ ውስጥ ፎይል አላነጥፍም፤ ሽብሽቡ ኬኩ ላይ ይታተማል፤ ስታነሺውም ፎይሉ እየተቀደደ ፍርፋሪው ክሬም ውስጥ ይገባል። የመጋገሪያ ወረቀት ነው የሚሻለው። ፎይል የሚጠቅመኝ በሁለት ነገር ነው። ሥሩ የሚነሳ የኬክ ቅርጽ ሲያፈስብኝ ከውጭ አለብሰዋለሁ። አራት ማዕዘን ሆኖ የሚቆረጥ ኬክ ሲሆን ደግሞ ከወረቀቱ ሥር ረዘም ያለ ፎይል በመስቀል አደርግና ጫፎቹን እንደ ጆሮ ትቼ ኬኩን በእነሱ አነሳዋለሁ።

ፎይል ሳይቀደድ በትሪ ቅርጽ ማበጀት ለምትፈልጉ፦ ትሪውን ገልብጡት፤ ፎይሉን በጀርባው ላይ ጫን ጫን እያላችሁ ቅርጽ አስይዙት፤ ከዚያ አንስታችሁ ወደ ውስጥ አስገቡት። ከውስጥ በጣት እየገፉ ማዕዘን ለማስያዝ መታገል የለም።

የአጂፕ እናት

ትሪ መገልበጡ! ይህን ያህል ጊዜ በጥፍሬ ማዕዘኑን ስበሳ ኖሬ። ለዶሮው ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ።

የጤና ባለሙያ ነኝ

አንድ ነገር ሳይነሳ እንዳይቀር። ጾም ላይ ድንች በፎይል ጠቅልላችሁ የምትጋግሩ ብዙዎች ናችሁ። የተረፈውን እንደተጠቀለለ ጠረጴዛ ላይ አታሳድሩት። ፎይሉ አየር እንዳይገባ ይይዛል፤ ድንቹ እርጥብና ለብ ያለ ነው፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚወደው ይህንን ነው። ዘሩ ደግሞ በኦቨን ሙቀት አይሞትም። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ኤል ፓሶ ከተማ ውስጥ በፎይል እንደተጠቀለለ ውጭ በቆየ ድንች በተሠራ ማባያ 30 ሰዎች ታመዋል። እንዳወጣችሁት ፎይሉን ፍቱት፤ የተረፈውን ፍሪጅ አስገቡ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ያንኑ ማታ ብሉት።

ጥያቄ አብዢ

አላልኋችሁም? ፎይል ከቤቴ ማስወጣቴ ልክ ነበር!

የጤና ባለሙያ ነኝ

ችግሩ ማሳደሩ ነው፤ ፎይሉ አይደለም።

የረመዳን ወጥ ቤት

ለኢፍጣር ሳምቡሳ በዘይት ከመጥበስ ይልቅ በኦቨን እየጋገርን ነው፤ አባቴ ዘይት ቀንስ ስለተባለ። መጀመሪያ ላይ የተጠቀሰው እኔን ስለሆነ ልመልስ፦ ፎይል ላይ ስደረድረው ከሥር ይረጥባል፤ ሲነሳም ሊጡ ይቀደዳል። ያለ ፎይል ጥቁሩ ትሪ ላይ ዘይት ቀብቼ ስሞክረው ደግሞ ቂጡ ቶሎ ቀላ። ታዲያ የቱ ይሻላል?

የሂርማታ ዳቦ ቤት

እህቴ፣ ጥቁሩ ትሪ ይሻላል። ሙቀቱን ትንሽ ዝቅ አድርጊና ግማሽ ላይ አገላብጪው፤ እማማ ያሉት ለሳምቡሳም ይሠራል። ከላይም ዘይት በብሩሽ አስነኪው፤ ደረቅ ሊጥ በኦቨን ነጭ ሆኖ ነው የሚቀረው። ኦቨኑ ሳይግል ግን አታስገቢ።

አዲስ ተከራይ

የመጨረሻ ጥያቄ፦ እማማ፣ እኔ ጓሮ የለኝም። ኮባ ከገበያ ብገዛ ስንት ቀን ይቆይልኛል? ፍሪጅም የለኝም።

የጅሬን እናት

ልጄ፣ በሐሙስ ገበያ ከሴቶቹ ጠይቅ፤ ሰፊውንና ያልተቀደደውን ምረጥ። እንደ ምንጣፍ ጠቅልለህ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነህ ቀዝቃዛ ቦታ ካኖርኸው እስከ ቅዳሜ ይቆይልሃል። ጠርዙ ቢጫ ከሆነ ቆርጠህ ጣለው፤ መካከሉ ይበቃሃል። እሳት ከሌለህ በሚፈላ ውኃ እንፋሎት ላይ አሳልፈው፤ ይለሰልሳል።

የቆጪ ጋጋሪ

ቆጪ በኩል ካለፍህ ደግሞ አትግዛ፤ ከጓሮዬ ቁረጥ። አከርካሪውን እንዴት እንደሚነሳ አሳይሃለሁ።

የአጂፕ እናት

ዶሮው ወጣ፤ ፎይሉ አንድ ቦታ አልተቀደደም። ትሪው አልታጠበም፤ አይታጠብምም።